መጠየቅ ብቻ የተፈቀደለት ጠበቃ

ጥብቅና በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ችሎት ፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈር ድሜ አስግጠውኛል።

ክርክሩ የድንበር ነበር። እሳቸው የተቃራኒ ወገን ምስክር ናቸው። ዋናውን ጥያቄ መልሰው ጨረሱና መስቀለኛ ጥያቄ የማቅረብ ተራው የእኔ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ መስቀለኛ ጥያቄ የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ግልጽ ነው። መሪ ጥያቄ ብቻ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ ጠይቅ። ጥያቄህ አጭር ይሁን። ምስክሩን "አዎ" ወይም "አይደለም" ብቻ አስብለው። ማብራሪያ የሚሰጥበት ቀዳዳ አትተውለት። ፋታ አትስጠው።

ሃያ ሁለት ጥያቄ ጽፌ ነበር። እንደ መትረየስ አወረድኩት። "አጥሩ ሲታጠር እርስዎ አልነበሩም፤ አይደል?" "ከቤትዎ ሆነው አጥሩ አይታይዎትም፤ አይደል?" "የሰሙት ከሰው ነው፤ አይደል?" ስድስተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላ ታመጣብኛለህ። የቸኮልክበት ጉዳይ አለ እንዴ?" አሉኝ።

ችሎቱ ሳቀ። ሳቁን እንኳ እችለው ነበር። ዳኛዋ ግን አልሳቁም። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "ጠበቃ፣ እየጻፍኩ እኮ ነው። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነኝ" አሉ።

ያቺ "ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነኝ" የምትለው ነገር የገባችኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። አራቱ ጥያቄዎቼ መዝገቡ ላይ የሉም ማለት ነው። ምስክሯ "አዎ" ያሉት፣ እኔም በልቤ "ያዝኳቸው" ያልኩት ሁሉ አየር ላይ ቀርቷል። "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር" ይባላል። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ እየጻፈ መናገር ግን ወንዙ ሞልቶ ሳለ ዘሎ መግባት ነው።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በመጽሐፉ አሳበብኩ። "የፈረንጅ ፊልም ነው፣ እዚህ አይሠራም" እያልኩ አወራ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ መጽሐፉ አልዋሸም። የነገረኝ ነገር እውነት ነው። ያልነገረኝ ነገር ነው ያጠፋኝ። ደንቡ ለማን ፊት እንደተሠራ አልነገረኝም። ያንን የነገረኝ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ ለጡረታዬ አቆይቼው የነበረው ዓይነት።

ጠበቆች የሕግ ታሪክን የምናይበት ዓይን ይታወቃል። የመጀመሪያ ዓመት ላይ እንማረዋለን፣ ለፈተና እናጠናዋለን፣ ከዚያ ደህና ሰንብት። ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያለበት ሰው የሮም ፍርድ ቤት ምኑ ነው? የክርክር ክህሎት መጽሐፍ ግን ይገዛል፣ ይዋዋሳል፣ ጠርዙ እስኪቀደድ ይነበባል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ሥራ ፈትቼ መሆን አለበት፣ የድሮ የለንደን ችሎቶችን ዘገባ ማንበብ ጀመርኩ። ኦልድ ቤይሊ የሚባለው የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። ከ1674 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. የታተሙት ዘገባዎች ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባሉ። ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ከተገባበት ሌሊቱ ይነጋል።

የመጀመሪያ ድንጋጤዬ የጠበቃ አለመኖር ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ክሱን ጠበቃ ይዞ መከራከር አይችልም ነበር። ነገሩን አስቂኝም አሳዛኝም የሚያደርገው፣ በትንንሽ ጥፋትና በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ጠበቃ ማቆም መቻሉ ነው። በገንዘብ ለሚያስቀጣው ጠበቃ አለህ። አንገትህን ገመድ ውስጥ ለሚያስገባው ብቻህን ነህ። ምክንያት ሲጠየቁ ሁለት ነገር ይሉ ነበር። አንደኛ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ዳኛው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ንጹሕ ሰው እውነቱን ለመናገር ሙያ አያስፈልገውም። ይህን ሁለተኛውን ዛሬም በሌላ አማርኛ እሰማዋለሁ። "ንጹሕ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?" የሚል ዘመድ የሌለው ጠበቃ ያለ አይመስለኝም።

በ1696 እ.ኤ.አ. በአገር ክህደት ለሚከሰሱ ሰዎች ጠበቃ ተፈቀደ። ያን ጊዜ በአገር ክህደት የሚከሰሱት ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሕግ አውጪዎቹም ነገ በእኛ ብለው ያሰቡ ይመስላል። ለተራው ሌባና ነፍሰ ገዳይ በር የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በሕግ ሳይሆን በዳኞች ፈቃድ። በ1730ዎቹ ዳኞች የተከሳሽ ጠበቃ ችሎት ውስጥ ገብቶ ምስክሮችን እንዲጠይቅ መፍቀድ ጀመሩ። አንድ ነገር ግን ከለከሉ። ጠበቃው ለዳኝነት የተቀመጡትን ሰዎች፣ ማለትም ዡሪውን፣ ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር ማናገር አይችልም። የመክፈቻ ንግግር የለም። የመዝጊያ ንግግር የለም። "እንግዲህ ከዚህ የምትረዱት..." ማለት የለም። መጠየቅ ብቻ። ይህ ክልከላ በሕግ እስኪነሳ፣ እስከ 1836 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ መቶ ዓመት ገደማ ዘለቀ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

አስቡት። ደንበኛህ ሊሰቀል ነው። ምስክሩ እየዋሸ ነው። የሚዋሽበትን ምክንያት ታውቃለህ። ለዡሪው እንዳትነግር አፍህ ተዘግቷል። የተከፈተልህ አንድ ቀዳዳ ጥያቄ ነው። ምን ታደርጋለህ? ክርክርህን በሙሉ በጥያቄ ውስጥ ጠቅልለህ ታሾልከዋለህ። በዚያ ዘመን ለምሳሌ፣ መንገድ ላይ የሚዘርፍ ሽፍታን ይዞ ላስፈረደ ሰው መንግሥት 40 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ብዙ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጠበቃው ያንን ያዥ ምስክር ስለ ሽልማቱ ይጠይቀዋል። ይህ ሰው ካልተሰቀለ ገንዘቡ እንደማይከፈልህ ታውቃለህ? ሽልማት ስትቀበል ይህ ስንተኛህ ነው? ምስክሩ አመነም ካደም ለውጥ የለውም። ዡሪው ሰምቷል። ጥያቄው ራሱ ንግግር ሆኗል።

በዚህ ጥበብ ስሙ ከሁሉ የሚነሳው ዊልያም ጋሮው ነው። በ1783 እ.ኤ.አ. ጠበቃ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት የኦልድ ቤይሊ ዘገባዎች ውስጥ ስሙ በየገጹ ይገኛል። አጠያየቁ ጨካኝ ነው። አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፣ ዳኛውም ይቆጣዋል። እሱም ዝም ይልና በሌላ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ሳነበው የመስቀለኛ ጥያቄ መጽሐፌ ውስጥ ያሉት ደንቦች አንድ በአንድ ፊቴ ተደረደሩ። መሪ ጥያቄ፣ አጭር ጥያቄ፣ መልሱ ውስጡ ያለ ጥያቄ። እነዚህ ሁሉ ከሰማይ አልወረዱም። አፉ የታሰረ ሰው ያዳበራቸው ናቸው።

ታዲያ የእኔ ስህተት ወለል ብሎ ታየኝ። የጋሮው ጥያቄ የሚነገረው አሥራ ሁለት ሕግ ላልተማሩ ሰዎች ነው። እነሱ አይጽፉም፤ ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ የምስክሩን ፊት ያነባሉ። ፍጥነት እዚያ ያስፈራል፣ ያንቀጠቅጣል። እኔ የቆምኩት ግን ብቻቸውን በተቀመጡ፣ የሰሙትን በእጃቸው በሚጽፉ ዳኛ ፊት ነው። የእሳቸው ፍርድ ከሦስት ወር በኋላ ከዚያ ወረቀት ላይ ነው የሚጻፈው። የምስክሯ ድንጋጤ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ወረቀቱ ላይ የሚታየው የተጻፈው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህኛው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኧርቪንግ ያንገር የሚባል አሜሪካዊ የሕግ መምህር የመስቀለኛ ጥያቄን ደንቦች አሥር አድርጎ ያስተምር ነበር፤ እንደ አሥርቱ ትእዛዛት። የክህሎት መጽሐፍ ያነበበ ጠበቃ ሁሉ እነዚህን በአንድ ወይም በሌላ መልክ ያውቃቸዋል። መልሱን የማታውቀውን አትጠይቅ፣ ከምስክር ጋር አትጨቃጨቅ፣ የመሳሰሉት። የመጨረሻው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ ነጥብህን ምስክሩ ላይ አታብራራ፣ ለመዝጊያ ንግግርህ አስቀምጠው። ጥሩ ምክር ነው። ግን ጋሮው ይህን ቢከተል ደንበኞቹ ተሰቅለው ያልቁ ነበር፤ መዝጊያ ንግግር የለውማ! አንድ ደንብ በአንድ ክፍለ ዘመን ጥበብ፣ በሌላው ሞት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነጥብ "ለመዝጊያ" ከማስቀመጤ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። መዝጊያ አለኝ ወይ? በቃል ነው በጽሑፍ? ዳኛው ያነበዋል ወይስ "መዝገቡ ለፍርድ ተቀጥሯል" ብሎ ይነሳል? መዝጊያዬ የማይሰማ ከሆነ ነጥቤን እዚያው ምስክሩ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ በሚጻፍ ቋንቋ አወጣዋለሁ። ይህን የትኛውም የክህሎት መጽሐፍ አልነገረኝም።

ሁለተኛው ውርደቴ ችሎት ውስጥ ቢታይም የተሠራው ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ የሽያጭ ውል ይዞ መጣ። ታሪኩን ነገረኝ። አስር ደቂቃ ያህል ሰማሁትና "ገባኝ፣ ገባኝ" ብዬ አቋረጥኩት። ውሉን አነበብኩ። ውሉ ጥርት ያለ ነው። ክሱን ጻፍኩ። የተከሳሽ መልስ ሲመጣ ከጀርባው አንዲት ቅጠል ወረቀት ተያይዛለች። ደንበኛዬ ከውሉ ከወራት በኋላ የፈረመባት፣ የመክፈያ ጊዜውን ያራዘመች ወረቀት። ጠርቼ ስጠይቀው "እሷ እንኳ ወረቀት አትባልም፣ ዝም ብለን ነው የጻፍናት" አለኝ። ሰውየው አልዋሸኝም። አልጠየቅኩትም።

ከሮም የንግግር መምህራን ዋናው የነበረው ኩዊንቲሊያን በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጠበቃን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለማሠልጠን 12 መጽሐፍ ጽፏል። አብዛኛው ስለ ንግግር ውበት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ዘልዬዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ውስጥ ግን ደንበኛን ስለመስማት የተጻፉ ጥቂት ገጾች አሉ። እነሱን ግድግዳ ላይ ብለጥፋቸው ደስ ይለኛል። ደንበኛው ይናገር ይላል፣ የፈለገውን ያህል ይናገር። የማይጠቅም ነገር መስማት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የሚጠቅመውን አለመስማት ግን ትልቅ ነው። ደንበኛው እዚህ ግባ የማይለው ነገር ውስጥ ቁስሉም መድኃኒቱም ይገኛል። ሲጨርስ እንደገና አስነግረው፤ የረሳው ወይም የደበቀው ሁለተኛው ላይ ይወጣል። ከዚያ ተገልብጠህ ተቃዋሚው ሁን፣ አፋጠው። ሰነዱን ደግሞ በወሬ አትቀበል፣ ራስህ እየው። ክሱን የሚያውቁት ከአንድ ቀን በፊት ወይም በዚያው ጠዋት የሆኑ ጠበቆችንም ይሸነቁጣቸዋል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያው እኛው ነን።

ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለችኝ። "ወረቀት ነው የማይባል ወረቀት አለ?" ይስቃሉ። ከዚያ ትንሽ ያስቡና፣ ብዙ ጊዜ፣ አለ ይላሉ።

የሕግ ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ የክስ አጻጻፌም ተለወጠ። ለዚህ ባለውለታዬ የአቴንስ ሰው ነው። በጥንቷ አቴንስ ተከራካሪው ራሱ ቆሞ መናገር ነበረበት። ዳኞቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ናቸው፤ በትልልቅ ጉዳዮች 501 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ጊዜው በውኃ ሰዓት ይለካል፤ ከማሰሮው ውኃው ሲያልቅ ንግግርህ አለቀ። መናገር የማይችል ሰው ምን ያድርግ? ንግግሩን ለሚጽፍለት ሰው ይከፍላል፤ አጥንቶት ይቀርባል። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚደነቀው ሊሲያስ ነው። የአቴንስ ዜግነት አልነበረውም፣ የሌሎችን ክርክር ግን ይጽፍ ነበር። ጥበቡ ራሱን መደበቅ ነው። ለገበሬ ሲጽፍ ገበሬ ይናገራል፤ ለአካል ጉዳተኛ ሲጽፍ ያ ሰው ከነቀልዱ ይሰማል።

ኤውፊሌቶስ ለሚባል ሰው የጻፈለት ንግግር ዛሬም አለ። ኤውፊሌቶስ ሚስቱ ጋር የያዘውን ሰው ገድሏል። ሕጉ በዚያ ሁኔታ መግደልን ይፈቅድ ነበር፤ የሟች ወገኖች ግን "አጥምዶ ነው የገደለው" ይላሉ። ንግግሩ ወደ ሕጉ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ቤቱን ያስጎበኛል። ቤቴ ትንሽ ናት፣ ፎቅና ምድር አላት ይላል። ሴቶቹ ፎቅ ነበሩ። ልጅ ሲወለድ ሚስቴ ሕፃኑን ለማጠብ ደረጃ እንዳትወጣ እንዳትወርድ ብዬ እኔ ፎቅ ወጣሁ፣ እነሱ ወደ ምድር ወረዱ። በቃ። ይህችን ካወቅክ ሰውየው እንዴት እንደገባ፣ ባል ለምን እንዳልሰማ፣ ምን ያህል የዋህ እንደነበረ ሁሉም ይገባሃል። "እኔ የዋህ ነኝ" የምትል ቃል አላስፈለገችውም። የቤቱ አሠራር መሰከረለት። ፍርዱ ግን ለእኛ አልደረሰም፤ ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

የእኔ የክስ ማመልከቻዎች በዚያን ጊዜ "ተከሳሽ በማን አለብኝነት፣ ሕግን በመናቅ፣ ሆን ብሎና አስቦ" በሚሉ ቃላት የተሞሉ ነበሩ። አሁን አንድ ደረጃ፣ አንድ በር፣ አንድ ቀን እፈልጋለሁ። ማን አለብኝነቱን ዳኛው ራሱ ቢደርስበት ይሻላል።

የሮሙን ጠበቃ ሲሴሮን ሳላነሳ አልጨርስም፤ ግን ሁልጊዜ በሚነሳበት ምክንያት አይደለም። የንግግር ጌታ ነው ይባላል፤ ነው። ስሙን የተከለለትን ክስ ግን ያሸነፈው ንግግር በማሳጠር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ነው። ቬሬስ የሚባል የሲሲሊ ደሴት አስተዳዳሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ሕዝቡን ዘርፎ ወደ ሮም ተመልሷል። የሲሲሊ ሰዎች ሲሴሮን እንዲከስላቸው ለመኑት። ቬሬስ ያቆመው ጠበቃ ሆርቴንሲዩስ ነው፤ በሮም ከእሱ በላይ ተናጋሪ የለም በሚባልበት ጊዜ። የመከላከያው ስልት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ቀጠሮ ማራዘም። ሆርቴንሲዩስ ለቀጣዩ ዓመት ቆንስል፣ ማለትም የሮም ከፍተኛ ሹም፣ ሆኖ ተመርጧል። ችሎቱን በሚቀጥለው ዓመት የሚመራውም የእነሱው ሰው ነው። ጉዳዩ የተጀመረው በነሐሴ ወር መጀመሪያ ሲሆን ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በዓልና ጨዋታ ተከታትሎ ይመጣል። ከሳሹ እንደ ልማዱ ቀናት የሚፈጅ የመክፈቻ ንግግር ካደረገ፣ ተከሳሹም እንደዚያው ከመለሰ፣ በዓሉ ይገባል፣ ዓመቱ ያልቃል፣ መዝገቡ በወዳጅ እጅ ይወድቃል።

ሲሴሮ ታላቁን ንግግሩን ተወው። አጭር ነገር ተናገረና በቀጥታ ምስክሮቹንና ሰነዶቹን ማቅረብ ጀመረ። ዘጠኝ ቀን ያህል ምስክር በምስክር ላይ። ሆርቴንሲዩስ የሚመልስለት ንግግር አጣ። ቬሬስ ፍርዱን ሳይጠብቅ ከሮም ወጣ፣ ተሰደደ። ሲሴሮ ሊናገረው አዘጋጅቶት የነበረውን አምስት ክፍል ንግግር በኋላ ጽፎ አወጣው። ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚያጠኑት አብዛኛውን ያንን፣ ችሎት ፊት ያልተነገረውን ነው!

በዚያ ባልተነገረው ውስጥ አንድ ታሪክ አለ፤ ለሰነድ ሥራ ከእሱ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ሲሴሮ ማስረጃ ለመሰብሰብ 110 ቀን ተሰጥቶት ሲሲሊን በ50 ቀን አዳረሰ። ሲራኩስ ከተማ የአንድ ቀረጥ ሰብሳቢ ድርጅትን የሒሳብ መዝገብ ሲያገላብጥ ቬሩቲዩስ የሚባል ሰው ስም ደጋግሞ አየ። ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሰው ስም ነው። ጠጋ ብሎ ሲያይ የስሙ መጀመሪያ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ መጨረሻው ግን በሁሉም ቦታ ተፍቆ እንደገና የተጻፈ ነው። ቬሬስ ተብሎ ተጽፎ የነበረው ነው ቬሩቲዩስ የሆነው። ሲሴሮ ምን አደረገ? መዝገቡን አደባባይ አወጣ፣ የድርጅቱንም ሰው አቅርቦ ጠየቀው። ይህ ቬሩቲዩስ ማነው? ነጋዴ ነው? ገበሬ ነው? በሲሲሊ ያየው ሰው አለ? ሰውየው መልስ አልነበረውም። ከዚያ መዝገቡን ፍቁን ጨምሮ እዚያው አስገለበጠ፣ በምስክሮች ፊትም አመሳከረ።

እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ፎቶ ኮፒ አልወድም። ዋናውን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፍቅ በኮፒ ላይ አይታይማ።

ስለ ማስረጃ ካነሳን አይቀር፣ በሕግ ታሪክ ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝን ልናገር። በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን እውነቱ የሚጣራው አንዳንዴ በጋለ ብረት ወይም በውኃ ፈተና ነበር፤ እግዚአብሔር ይፈርዳል ተብሎ። በ1215 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ ካህናት በዚህ ሥርዓት እንዳይሳተፉ ከለከለ። ካህን ካልባረከው ብረቱ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ዳኛ መፍረድ ግድ ሆነበት። እንግሊዞች ወደ ዡሪ ሄዱ። በአህጉሩ ያሉት የሕግ ሊቃውንት ደግሞ ዳኛው በስሜቱ እንዳይፈርድ ብለው ጥብቅ ደንብ አወጡ። በከባድ ወንጀል ለመፍረድ ሁለት የዓይን ምስክር ወይም የተከሳሹ የእምነት ቃል ያስፈልጋል። ሲሰሙት እንዴት ያምራል! ተከሳሽን የሚጠብቅ ደንብ ነው። ግን ግድያ ሁለት ሰው ቆሞ እያየ አይፈጸምም። ምስክር ከጠፋ የቀረው የእምነት ቃል ነው። የእምነት ቃል ደግሞ አልመጣ ሲል... በበቂ ጥርጣሬ ማሠቃየት ተፈቀደ። ደንብም ወጣለት፣ ሥርዓትም ተበጀለት። ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሩ ሰዎች በንጹሕ ኅሊና ፈጸሙት። ከዚያ ወዲህ "ጉዳዩ ጠንካራ ነው፣ ቃሉን ሰጥቷል" ሲሉኝ ቃሉን ሳይሆን ከቃሉ በፊት የነበሩትን ሰዓታት ነው የምጠይቀው። የት ነበር? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት?

እርግጥ የታሪክ መጽሐፍ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። እንደዚያ የሆነ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ከጥንቷ ባቢሎን ንጉሥ ከሐሙራቢ ጀምሮ ይተነትናል፤ የሐሙራቢ ሕግ የመጀመሪያው አንቀጽ ግድያ ከስሶ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ይገደል እንደሚል እሱ ነው የነገረኝ። የማስረዳት ሸክም የሚባለው ነገር እዚያ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቡት። ግን ይኸው ሰው ሰነድ በማስረጃነት ማስያዝ አይችልም ነበር፤ የማስረጃ ዝርዝሩን ሳያያይዝ ክስ ያስገባል። ለእሱ የክህሎት መጽሐፉን አውሼዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ምናልባት እያነበበው ይሆናል ብዬ እጽናናለሁ።

አሁን ሁለቱን ዓይነት መጽሐፍ ጎን ለጎን ነው የማነበው። የክህሎት መጽሐፍ "እንዲህ አድርግ" ሲለኝ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ "ማን ፊት?" እና "ምን ተከልክሎ?" ለአንዳንዱ መልስ አገኛለሁ። ለምሳሌ "ከምስክሩ አትራቅ፣ ዓይኑን እያየህ ጠይቅ" የሚለው በእኔ ችሎት ዋጋው ትንሽ ነው፤ የእኔ ዓይን የዳኛው እጅ ላይ ነው መሆን ያለበት። "አጭር ጥያቄ፣ አንድ ጥያቄ አንድ ፍሬ ነገር" የሚለው ግን ከማንም በላይ ለሚጽፍ ዳኛ ይመቻል። ይህን ደንብ በዚያ ቀን ይዤው ነበር። በፍጥነቱ ነው ያበላሸሁት።

ባለፈው ዓመት እንደዚያው ዓይነት ምስክር ገጠመኝ። በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ የውርስ ክርክር ነው። ኑዛዜው ሲነበብ ነበርኩ ብለው መሰከሩ። ጥያቄዎቼን ስጽፍ አመሸሁ፤ አሥራ አራት ነበሩ። ጠዋት ተነስቼ አሥራ አንዱን ሰረዝኩ።

ተነሳሁ። "አባቴ፣ ኑዛዜው የተነበበው በማታ ነው ብለዋል?"

"አዎ።"

ዳኛው ይጽፋሉ። ጠበቅኩ። ብዕሩ ቆመ።

"መብራት ጠፍቶ ነበር ብለዋል?"

"ጠፍቶ ነበር። ኩራዝ አብርተን ነው።"

ብዕሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ጎኔ ያለው ወጣት ረዳቴ ቀሚሴን ጎተተኝ፤ ወረቀቱ ላይ ስለ ኩራዙ ብርሃን አራት ጥያቄ ጽፎ እያሳየኝ ነው። አልተቀበልኩትም።

"ያነበበው ማን ነበር?"

ሽማግሌው ዝም አሉ። ወደ ተከሳሹ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ። "እሱ ራሱ ነው" አሉ፣ በጣታቸው ወራሹን እያመለከቱ።

ዳኛው ቀና አሉ፣ ወራሹን አዩት፣ ተመልሰው መጻፍ ጀመሩ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ብዕሩ ሲቆም "ጨርሻለሁ፣ ክቡር ዳኛ" ብዬ ተቀመጥኩ።